ሳይቀደድ የተጣፈው ቁምጣ
ከአፉላ ባቡር ጣቢያ እስከ ሰሜን ጃፓን፣ ከጃፓንም እስከ ጎንደር ድሪቶ

እሑድ ጧት በአፉላ ባቡር ጣቢያ የቆመ ሰው ብዙ ዓይነት ሕዝብ ያያል። ከሰንበት ዕረፍት ወደ ጦር ሠፈራቸው የሚመለሱ ወታደሮች፣ ለትምህርት ወደ ሐይፋ የሚጓዙ ወጣቶች፣ የሐኪም ቀጠሮ ያላቸው አረጋውያን ሁሉ በአንድነት ራኬቬቱን ይጠባበቃሉ። እኔም ባለፈው የበጋ ወራት ለጉዳዬ ወደ ሐይፋ ለመሄድ እዚያው ተቀምጬ ሳለ፣ ከአጠገቤ ከነበሩ አንዲት እናትና ከልጅ ልጃቸው መካከል የተነሣውን ክርክር ለመስማት በቃሁ።

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። የለበሰው ቁምጣ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ፣ በላዩ ላይ አራት ወይም አምስት ልዩ ልዩ ቁራጭ ጨርቅ ተጥፎበታል። በእያንዳንዱም እራፊ ላይ ነጭ ክር በረድፍ በረድፍ ተወስውሷል። እናቲቱ ይህን ባዩ ቁጥር ይሳቀቃሉ። በመጨረሻም የነጠላቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው የልጁን ጉልበት ሸፈኑት።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ለብሰህ ከሐኪሙ ፊት ልትቀርብ ነው? ሰው ምን ይለናል? ልጁን የሚያለብሰው አጣ አይሉንም?» አሉት።

«ሳብታ፣ ይህ እኮ ፋሽን ነው። የጃፓን ነው» ብሎ መለሰ።

«ጃፓንም እንደኛ ደኸየ?»

ልጁ ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። በስንት እንደገዛው ጠየቁት። በምግብ ቤት በማሳለፍ ሥራ የሁለት ቀን ደመወዙን እንደከፈለበት ሲነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም የቁምጣውን ጠርዝ ገልብጠው በጣታቸው ዳበሱት፤ ጠጋ ብለውም ተመለከቱት። ድንገት ወደ እኔ ዘወር ብለው እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ ይህን እይልኝ። ከሥሩ ጨርቁ ደህና ነው! አንድ ቀዳዳ የለበትም። ሳይቀደድ እኮ ነው የጣፉት!»

በዚህ ጊዜ ሦስታችንም ሳቅን። ወጉም ከዚያ ተጀመረ፤ ሐይፋ እስክንደርስም አላለቀም። ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ሲታይ የአንድ ቁምጣ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በየቤታችን በወላጆችና በልጆች መካከል ያለ፣ ብዙ ጊዜም የማንነጋገርበት ጉዳይ ስለሆነ በሰፊው ላቀርብላችሁ ፈለግሁ።

ቦሮ ምንድን ነው?

ልጁ «የጃፓን ነው» ማለቱ እውነት አለው። በጃፓን አገር በተደጋጋሚ ተጥፎ ተጠግኖ የሚለበስ ልብስ «ቦሮ» ይባላል። ቃሉ «ቦሮቦሮ» ከሚለው የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ተበጣጥሶ ያለቀ ማለት ነው። እኛ ድሪቶ ወይም ቡትቶ እንደምንለው መሆኑ ነው። በረድፍ የሚወሰወሰው ስፌት ደግሞ «ሳሺኮ» ይባላል፤ ትንንሽ መውጋት እንደማለት ነው።

ቦሮ በብዛት የሚገኘው በጃፓን ሰሜናዊ ክፍል፣ በተለይም አኦሞሪ በተባለው አውራጃ ነው። አገሩ ብርድ ነው፤ ክረምቱም ረዥምና በረዶ የበዛበት ነው። ጥጥ ሙቀት የሚፈልግ ተክል በመሆኑ በዚያ አይበቅልም። ስለዚህ ገበሬው የሚለብሰው ከተክል ግንድ ልጥ የሚፈተል፣ ሻካራና ነፋስ የሚያስገባ ጨርቅ ነበር። የጥጥ ጨርቅ የሚመጣው ከሞቃቱ የደቡብና የምዕራብ ክፍል በመርከብ ነው። እርሱም አዲስ ሳይሆን፣ በኦሳካ ከተማ ሰዎች ለብሰው የጣሉት አሮጌ ጨርቅ ተሰብስቦ የሚሸጥ ነበር። በዛሬው የኢትዮጵያ ገበያ አነጋገር ሳልባጅ ልንለው እንችላለን። ከዚህም በላይ በአንዳንድ ግዛት ገበሬ የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ በገዥዎች ትእዛዝ ተከልክሎ ነበር።

እንግዲህ ጥጥ እንዲህ ብርቅ በሆነበት አገር አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭም አትጣልም። ሴቶች ቁራጩን በቁራጭ ላይ እየደረቱ በጠንካራ ክር ይወሰውሱታል። ልብሱ ሲሳሳ ሌላ ይደርቡበታል። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ፣ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደሆነ እስከማይታወቅ ድረስ ይደርሳል። ሌሊት የሚለብሱት «ዶንጃ» የሚባለው ወፍራም ልብስ አንድ ቤተሰብ በአንድነት የሚተኛበት እንደነበረ ይነገራል። «ቦዶኮ» የሚባልም ጨርቅ አለ፤ ይህም ሴት በምትወልድበት ጊዜ ከሥሯ የሚነጠፍ፣ ከዘመዶች ልብስ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። የሚወለደው ሕፃን መጀመሪያ የሚያርፈው በአያቶቹ ልብስ ላይ ነው ማለት ነው።

ስፌቱ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ሁለት ወይም ሦስት ጨርቅ ተደርቦ ጥቅጥቅ ባለ ስፌት ሲያያዝ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ይሞቃል። ጨርቁ በአንድ ቦታ ቢሳብም ኃይሉ በብዙ ክር ላይ ስለሚከፋፈል ቶሎ አይቀደድም። በድሮ ዘመን የቶክዮ እሳት አጥፊዎች የሚለብሱት በሳሺኮ የተሰፋ ድርብርብ የጥጥ ካፖርት ነበር፤ ውሃ ነክረውት ወደ እሳቱ ይገቡ ነበር።

ታዲያ ይህ ልብስ ለብዙ ዘመን የኀፍረት ምልክት ነበር። ኑሮ ሲሻሻል ልጆች የአያቶቻቸውን ቦሮ ማቃጠልና መጣል ጀመሩ። የአኦሞሪ ተወላጅ የሆኑት ታናካ ቹዛቡሮ የተባሉ ተመራማሪ ግን በየመንደሩ እየዞሩ፣ ሰዎች ሊያሳዩ ያፈሩበትን ልብስ እየለመኑ ሰበሰቡ። የሰበሰቡትም ከ2009 ጀምሮ በቶክዮ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ፤ ሙዚየሙ እስከተዘጋበት እስከ 2019 ድረስ ከብዙ አገር የመጣ ጎብኚ አይቶታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ የልብስ ነጋዴዎች የቦሮን መልክ በመውሰድ ጃኬትና ሱሪ፣ እንደ ልጁም ያለ ቁምጣ እየሠሩ በውድ ዋጋ ይሸጣሉ። አያቶች ያፈሩበትን የልጅ ልጆች ይኮሩበታል ማለት ነው።

ባቡርና ጨርቅ

የተቀመጥንበት ቦታ የባቡር ጣቢያ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ባቡርና ጨርቅ በታሪክ የተያያዙ ናቸው።

ከቶክዮ ተነሥቶ እስከ አኦሞሪ የሚደርሰው ሐዲድ በ1891 ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ የፋብሪካ ጥጥ በርካሽ ወደ ሰሜን መግባት ጀመረ። ጥጥ ሲረክስ ሴቶች ሌሊቱን ሙሉ መስፋቱን እየተዉት ሄዱ። አንዳንዱ የስፌት ዓይነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ከቆየ በኋላ እንደገና እንደ ቅርስ መማሪያ ሆነ።

በኢትዮጵያም እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በፉርጎው ተጭኖ ከገባው ሸቀጥ ዋነኛው የጥጥ ጨርቅ ነበር። አቡጀዲ የምንለው ያልነጣ ጨርቅ መጀመሪያ በብዛት የአሜሪካ ሥራ ነበር፤ በኋላ ግን ጃፓኖች በዋጋ ረትተው ገበያውን ያዙት። በ1930 ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በእነዚያ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛው ከጃፓን የመጣ ነበር። ይህን ለእናቲቱ ስነግራቸው፣ «እንግዲያውስ የአባቴ ቁምጣም የጃፓን ነበረ በለኛ!» ብለው ቀለዱ። ማን ያውቃል፣ ሊሆንም ይችላል።

የአፉላ ከተማም የባቡር ልጅ ናት ቢባል አያሳፍርም። ከተማዪቱ በ1925 ከመመሥረቷ በፊት፣ በቱርኮች ዘመን፣ ከሐይፋ ተነሥቶ በኢይዝራኤል ሸለቆ በኩል ወደ ደርዓ የሚሄደው ሐዲድ በ1905 ሲከፈት በዚህ ያልፍ ነበር። በ1946 በያርሙክ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ ሲፈርስ ወደ ደማስቆ የሚወስደው መስመር ተቋረጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ባቡሩ ጨርሶ ቆመ። ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ ከሐይፋ ቤት ሸአን የሚደርሰው አዲሱ የሸለቆው ባቡር በጥቅምት 2016 ሥራ ጀመረ። የአፉላው ጣቢያም በአቅራቢያው በምትገኘው በቴል አዳሺም በተወለዱት በቀድሞው የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም በራፋኤል ኤይታን ስም ተሰየመ። የተበጠሰ መስመር ከሰባ ዓመት በኋላ ተጠገነ። እርሱም እንደ እራፊ ነው፤ አሮጌውን መንገድ በአዲስ ብረት ጣፉት።

ድሪቶ በእኛ ዘንድ

በጎንደርና በአካባቢው ያደገ ሰው ጨርቅ እንዴት እንደሚገኝ ያውቃል። ጥጡ በመዳመጫ ይዳመጣል፤ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል። እናቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ይህም የሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም የወራት ሥራ ነው። ከዚያ ሸማኔው ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን አስገብቶ ይቀመጥና ድሩን ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። ጋቢ ሲሆን አራት ድርብ ይደረጋል። እንዲህ በብዙ ድካም የተገኘ ጨርቅ በአንድ ቀዳዳ ምክንያት የሚጣል አይደለም።

አዲሱ ሸማ ለበዓል ይለበሳል። ሲያረጅ የዘወትር ይሆናል፤ ከዚያም የሌሊት። ሲሳሳ ደህና ደህናው ተቆርጦ ለልጅ ጥብቆ ይሰፋበታል። አሮጌ ነጠላ በመታጠብ ብዛት ስለሚለሰልስ ለአራስ ልጅ መጠቅለያ ይመረጣል። በመጨረሻም ብጣሹ የኩራዝ ክር ይሆናል። የገበሬው የካኪ ወይም የአቡጀዲ ቁምጣም እንዲሁ ነው። በመቀመጫው በኩል ሲበላ ይጣፋል፤ እራፊውም ሲበላ በእራፊው ላይ ሌላ እራፊ ይደረትበታል። «ድሪቶ» የሚለው ስምም ከዚህ «ደረተ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው።

እናቲቱ ይህን ሁሉ ሲያጫውቱን ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ያዳምጥ ነበር። «ታዲያ ለምን አፈርሽ፣ ሳብታ?» ብሎ ጠየቃቸው። በዕብራይስጥ ነበር የጠየቃቸው፤ እርሳቸው ግን በአማርኛ መለሱለት።

«እኛ ቤተ እስራኤል በእጃችን የምንኖር ሰዎች ነበርን። ወንዶቻችን ሸማኔና ቀጥቃጭ፣ እኛ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ። መሬት አይሰጡንም። በእጃችን ስለሠራን ደግሞ ይሰድቡናል፤ ስማችንን ያጠፉታል። ማረሻውን ከእኛ ይገዙና ዓይናችንን ይፈሩታል። ስለዚህ ገበያ ስንወጣ ልብሳችን ንጹሕ፣ ነጭ፣ ያልተጣፈ እንዲሆን እንጥር ነበር። ድሪቶውን ለቤት እንተወዋለን። በስድብ ላይ እራፊ አይጨመርም፣ ልጄ።»

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ባለ እጅን መናቅ የቆየ ነገር ነው። አጼ ምኒልክ እንኳ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ ግን የሰዉን ልብ ቶሎ አልለወጠውም። ስለዚህ እራፊ ለእኛ ሽማግሌዎች የድህነት ምልክት ብቻ አልነበረም። ለሚሰድባቸው ሰው መንገድ የሚከፍት ነበር። ወደ እስራኤል ከመጣንም በኋላ «ድሃ ናቸው» እንዳይባል ልጆቻችንን ከአቅማችን በላይ አዲስ ልብስ ስናለብስ የኖርነው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆቻችን ግን ይህን አያውቁም። አንድ ቁምጣ በነጠላ ሲሸፈንባቸው «ወላጆቻችን ፋሽን አይገባቸውም» ብለው ያልፉታል።

ከወንድማቸው ቁምጣ የተቆረጠው

ባቡሩ ከአፉላ ወጥቶ በሸለቆው እርሻ መካከል ሲጓዝ እናቲቱ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ፤

«በ1984 ወደ ሱዳን ስንወርድ የነበረኝ አንድ ቀሚስ ነው። ሌሊት እየሄድን ቀን በጫካ እንደበቃለን። እሾሁ ትከሻዬን በላው። ታላቅ ወንድሜ የካኪ ቁምጣ ነበረው፤ የኋላው አልቆ ከፊቱ ብቻ ደህና ነበር። ኡም ራኩባ መጠለያ ስንደርስ ሌላ ነገር ለበሰና ያን ቁምጣ ‹ለቀሚስሽ አድርጊው› ብሎ ሰጠኝ። ቆርጬ ትከሻዬ ላይ ጣፍኩት። መርፌ ያዋሰችኝ ሴት ክር አልነበራትም፤ ከጋቢ ጠርዝ ነው የመዘዝነው። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በሽታው ወሰደው። እዚያው ቀበርነው።»

አንባቢዎቻችን እንደምታውቁት በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ወገኖቻችን በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ እጅ አልቀዋል። መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል።

«እዚህ ስንደርስ» አሉ እናቲቱ፣ «አዲስ ልብስ ሰጡን። የድሮውን የሚጣለውን በአንድ ቦታ ሰብስቡ ተባለ። ማንም አልነጠቀኝም። እኔው በእጄ አስረከብኩ። የተጣፈ ቀሚስ ለብሼ በሰው ፊት መቆም አፍሬ ነበር። ሌሊት ነው ትዝ ያለኝ። ከወንድሜ የቀረኝ ያ ትከሻዬ ላይ ያለው ጨርቅ ብቻ ነበር። ፎቶግራፍ የለን፣ መቃብሩን የሚያሳየን የለ። ጧት ሄጄ ብጠይቅ ተወስዷል አሉኝ።»

ልጁ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም ነበር። የአያቱ ወንድም በሱዳን መሞታቸውን ያውቃል፤ ስለ ቁምጣው ግን ማንም አልነገረውም። ምንም አልተናገረም። በራሱ ቁምጣ ላይ ያለውን እራፊ በአውራ ጣቱ ሲያሻሸው ብቻ አየሁ።

እኔም ስለ ቦሮ የማውቀውን በልቤ አነጻጸርኩ። የጃፓን ሽማግሌዎች ከታናካ ቹዛቡሮ የደበቁት ድሪቶና እኚህ እናት በእጃቸው ያስረከቡት ቀሚስ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ልዩነቱ የእነርሱን የሰበሰበ ሰው መገኘቱ ነው። በአይሁድ ሕግ ለአባትና ለእናት ሐዘን የተቀደደ ልብስ እንደ ቀድሞው ሆኖ ፈጽሞ አይጠገንም። ቀዳዳውም ስፌቱም ስለ ሰው የሚናገሩት ነገር አላቸው። በነጋዴ ሱቅ የሚሸጠው ቁምጣ ግን ምንም አይናገርም። ከሥሩ ቀዳዳ የለምና።

ይህን ስል ፋሽኑን ለመንቀፍ አይደለም። ልጁ ያን ቁምጣ ባይገዛ ኖሮ ይህ ወግ ባልተጀመረ ነበር። ከዚህም ሌላ ጠግኖ መልበስ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚመከር ነው። ኬንያዊቷ የኖቤል ሰላም ተሸላሚ ዋንጋሪ ማታይ በ2005 ጃፓንን ሲጎበኙ «ሞታይናይ» የሚለውን ቃል ሰምተው በጣም ወደዱት። ቃሉ አንድ ነገር ጥቅሙ ሳያልቅ ሲባክን «ምነው፣ ያሳዝናል» እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየአገሩ እየዞሩ አስተማሩበት። በእኛ ቤት እናቶች እንጀራ ሲወድቅ የሚያሰሙት ዓይነት ቃል መሆኑ ነው።

በቤት ውስጥ እንዴት ይጣፋል?

እናቲቱ ባቡር ላይ ያስረዱንን ከሳሺኮ አሠራር ጋር በማጣመር ለአንባቢ በሚጠቅም መልኩ እነሆ። የጥጥ ቁምጣ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በመቀመጫው፣ በጭኑ ውስጥ በኩልና በኪሱ አፍ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ቁምጣውንም እራፊውንም ቀድማችሁ እጠቡ። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይኮማተራል። ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ሲኮማተር አሮጌውን ጨርቅ ይስበዋል፤ ይቀደዋልም። ሰማያዊ ጂንስ ቀለም ስለሚለቅ ለብቻው ይታጠብ።

ሁለተኛ፣ የእራፊው ውፍረት ከቁምጣው ጋር ይመጣጠን። ወፍራም እራፊ በሳሳ ጨርቅ ላይ ቢሰፋ በዳር ዳሩ አዲስ ቀዳዳ ያመጣል። ከሁሉ የሚሻለው የታጠበና የተለበሰ አሮጌ ጥጥ ነው።

ሦስተኛ፣ እራፊው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። ቀዳዳው ደህና ቢመስልም በዙሪያው ያለው ጨርቅ ሳስቷል። የእራፊውን ማዕዘን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይነሣል።

አራተኛ፣ እራፊውን ከውስጥ በኩል አስቀምጣችሁ በሰፋፊ ስፌት ወስውሱት። ይህ ጊዜያዊ ነው፤ እንዳይንሸራተት ብቻ ነው የሚይዘው።

አምስተኛ፣ ከመካከሉ ጀምራችሁ ወደ ዳር ቀጥ ባለ መስመር ስፉ። በመስመርና በመስመር መካከል አንድ ሳንቲ ሜትር፣ የአንዱ ስፌት ርዝመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። መስመሩ አልቆ ስትዞሩ ክሩን አታጥብቁት፤ ትንሽ ልል ተዉት። ካጠበቃችሁት ጨርቁ ይጨማደዳል። የቀዳዳውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ዘምዝሙት። በመጨረሻም ጊዜያዊውን ስፌት ፍቱ።

እናቲቱ ስድስተኛ ጨምረዋል። «ክሩን በጥርስ አትበጥስ፤ ጥርስህም ክሩም ይጎዳል» ይላሉ።

እንደገና በአፉላ ጣቢያ

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ፣ በዚያው ጣቢያ፣ ሁለቱን እንደገና አገኘኋቸው። እናቲቱ ለዓይናቸው ሁለተኛ ቀጠሮ ነበራቸው። ልጁ ያንኑ ቁምጣ ለብሶ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ልጁ ዞር ብሎ ከኋላው አሳየኝ። በብስክሌት ሲሄድ ከመቀመጫው በእውነት ተቀድዶ ኖሯል። በቦታውም ቡናማ የካኪ ጨርቅ ተጥፎበታል።

«የሟቹ ባለቤቴ የሥራ ሱሪ ነው» አሉኝ እናቲቱ። «ሃያ ዓመት በእርሻ ለብሶታል። ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ልጥለው እያልኩ አልሆነልኝም ነበር። ግማሹን እኔ ሰፋሁ፣ ግማሹን እርሱ። ቀጥ ያለው መስመር የእኔ ነው።»

ጠማማው የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ባቡሩ ሲመጣ ልጁ የአያቱን ቦርሳ ይዞ ቀድሞ ገባ። እርሳቸውም ተከተሉት። ነጠላቸው በዚያን ቀን በትከሻቸው ላይ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ከሣጥናችሁ ሥር፣ ከአልጋችሁ በታች፣ ከኢትዮጵያ በመጣው ሻንጣ ውስጥ ድሪቶ ወይም የተጣፈ ጋቢ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁ ቢደብቁትም ለምኑና እዩት። እራፊው ከማን ልብስ እንደተቆረጠ፣ ማን እንደሰፋው፣ መቼና የት እንደሆነ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉት፤ ወረቀቱንም ከጨርቁ ጋር አስቀምጡት። ወላጆችም ሲጠየቁ አይፈሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላልና፣ አንዱ እራፊ ከሌላው ጋር ሲገጣጠም የሕዝባችን ታሪክ ይወጣዋል። ሁሉንም መያዝ ባይቻል እንኳ፣ ከመጣላችሁ በፊት የማን እንደነበረ ጠይቁ።